ፓምፑ ውሃ አልስብ ሲል፦ ከኩሬና ከወንዝ ውሃ የመሳብ ዝርዝር መመሪያ

መኪናው ደርሷል። ኩሬው እዚያው አጠገቡ ነው። ቱቦው ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ ግን የለም። አንዱ ነዳጅ ጨምር ይላል፣ ሌላው ቱቦውን ያንቀሳቅሳል፣ ሦስተኛው ፓምፑን ይሳደባል። በበጎ ፈቃድ የእሳት አደጋ ቡድን ውስጥ ትንሽ የቆየ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል።

ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የአየር ነው። የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፣ ወይም መውጣት ያለበት አየር አልወጣም። ይህ መመሪያ ከመኪናው ፓምፕም ሆነ በአራት ሰው ከሚሸከሙት ተንቀሳቃሽ ፓምፕ ጋር ይሠራል። ደረጃ አትዝለሉ። የሚዘለለው ደረጃ ነው ሁልጊዜ ጉድ የሚሠራው።

መጀመሪያ ይህን ያዙ

ፓምፕ ውሃን ጎትቶ አያመጣም። ከቱቦው ውስጥ አየሩን ታወጣላችሁ፣ ከዚያ የኩሬውን ፊት የሚጫነው የውጭ አየር ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የአየር ግፊቱ ደግሞ ልክ አለው። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ድረስ ብቻ መግፋት ይችላል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ከ7 እስከ 7.5 ሜትር ካገኛችሁ ጥሩ ነው።

ደጋ ላይ ከሆናችሁ ከዚህም ቀንሱ። በየ1000 ሜትሩ ወደ 1 ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ታጣላችሁ። 2400 ሜትር ላይ የወረቀቱ ልክ ራሱ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ እዚያ 6 ሜትር ጥልቀት ካለው ገደል ሥር ውሃ ለማውጣት አትታገሉ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ውሃው የሚወጣበት ከፍታ የሚለካው ከውሃው ፊት እስከ ፓምፑ መሀል ነው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ። ቱቦው ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደጠለቀ አይቆጠርም።

## ደረጃ 1፦ ጣቢያ ላይ ሳላችሁ ደረቅ ሙከራ አድርጉ

ይህን እሳት ሳይኖር ነው የምትሠሩት። 10 ደቂቃ አይፈጅም።

1. ፓምፑን ሙሉ በሙሉ አፍስሱ።
2. የመሳቢያውን አፍ በክዳኑ ዝጉ። የውሃ መውጫዎቹን ቫልቮች ዝጉ፣ ክዳኖቻቸውን ግን አውልቁ። ክዳኑ ካለ የሚያፈስ ቫልቭ ተደብቆ ያልፋችኋል።
3. ማፍሰሻዎቹን በሙሉ፣ ከታንክ ወደ ፓምፕ የሚወስደውንም ቫልቭ ዝጉ።
4. አየር ማውጫውን (ፕራይመሩን) አስነሱ፣ የቫኪዩም ጌጁን (አየሩ ምን ያህል እንደወጣ በባር የሚያሳየውን መለኪያ) እዩ።
5. 0.8 ባር ሲደርስ ፕራይመሩን አጥፉና ሰዓት ያዙ።

በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ0.1 ባር በላይ መውረድ የለበትም። ከወረደ ፓምፑ ያፈሳል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያላችሁ 0.8 አታገኙም። 2400 ሜትር ላይ የከባቢው አየር ግፊት በጠቅላላ 0.75 ባር ገደማ ነው። እዚያ 0.6 ካገኛችሁና መርፌው ቆሞ ከቀረ ፓምፑ ደህና ነው። ይህን ሳያውቁ ጤነኛ ፓምፕ የሚፈቱ ሰዎች አሉ።

ሙከራው ካለፈ መሳቢያ ቱቦዎቹን ገጥማችሁ፣ የመጨረሻውን ጫፍ በክዳን ዘግታችሁ ድገሙት። አሁን የተፈተነው ቱቦውና መጋጠሚያው ነው።

ጋስኬቶቹን (የመጋጠሚያዎቹን ማሸጊያ ቀለበቶች) በእጃችሁ ዳስሱ። በዓይን ማየት አይበቃም። ጣታችሁን በቀለበቱ ዙሪያ አዙሩት፦ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ የተጠማዘዘ ወይም አሸዋ የያዘ ካለ ጣታችሁ ያገኘዋል። የመሳቢያ ጋስኬትና የመርጫ ቱቦ ጋስኬት ደግሞ አንድ አይደሉም። የመርጫው ከውስጥ የሚመጣ ግፊትን እንዲይዝ የተሠራ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሳብበት አየር ሊያስገባ ይችላል። መለዋወጫ ስታስቀምጡ በተለያየ ሳጥን አስቀምጡ።

## ደረጃ 2፦ ቦታ ምረጡ

መኪናውን ከማስጠጋታችሁ በፊት አንድ ሰው በእግሩ ይሂድ። ዳርቻውን ይርገጠው። 3000 ሊትር ውሃ ብቻውን 3 ቶን ነው፣ መኪናው ሲጨመር ብዙ ነው። ዝናብ የጠጣ ዳር ላይ የቆመ መኪና ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣ እናንተ ፓምፑን ስታዩ አታስተውሉትም። ከተጠራጠራችሁ አንድ ቱቦ ጨምሩና ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

ሦስት ነገር ፈትሹ፦

- ከፍታ። ባነሰ ቁጥር ውሃው ይበዛል። ብዙ ፓምፖች ላይ የተጻፈው ሊትር በ3 ሜትር ከፍታ የተለካ ነው። 6 ሜትር ላይ ያንን አትጠብቁ።
- ጥልቀት። በቱቦው የውሃ ጫፍ የሚገጠመው ወንፊት ከላዩ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይፈልጋል፣ ብዙ ውሃ የምትስቡ ከሆነ 60። ከሥሩም 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው።
- መመለሻ። መኪናው እሳቱ አቅጣጫ ቢቀይር ወጥቶ መሄድ ይችላል?

ከቆማችሁ በኋላ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ላይ ታኮ አድርጉ። ዳር ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ። ከባድ የእሳት ልብስና ቦት ጫማ ለብሶ ውሃ የገባ ሰው በቀላሉ አይወጣም።

ተንቀሳቃሽ ፓምፕ ከሆነ ጉድጓድ ውስጥ ወይም የተዘጋ ቦታ አታስቀምጡት። የቤንዚን ሞተር ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። ወደ ውሃው ለማቅረብ ብሎ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ የተለመደ ስህተት ነው።

## ደረጃ 3፦ ቱቦውን ደረቅ መሬት ላይ ግጠሙ

መሳቢያ ቱቦ ውስጡ ሽቦ ያለው ጠንካራ ቱቦ ነው። ለስላሳውን መርጫ ቱቦ ለመሳብ ብትጠቀሙበት ወዲያው ተጣብቆ ይዘጋል።

1. የሚያስፈልገውን ያህል ቱቦ ከውሃው ወደ ፓምፑ በመስመር አስተኙ። ከሚበቃው አንድ እንዲተርፍ አድርጉ፤ ያጠረ ቱቦ ተፈትቶ እንደገና ሲገጠም ጊዜ ይበላል።
2. እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከመግጠማችሁ በፊት በእጅ ጥረጉ። አንድ የሣር ጭራሮ ይበቃል።
3. ሁለት ሰው ቱቦዎቹን አቅንቶ ይያዝ፣ ሦስተኛው ይግጠም። ከዚያ በመጋጠሚያ ቁልፍ አጥብቁ፣ በሁለት ቁልፍ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ። በእጅ የጠበቀ የሚመስል መጋጠሚያ ውሃ ባያፈስም አየር ይስባል።
4. በውሃው በኩል ወንፊቱን ግጠሙ። ፉት ቫልቭ (ውሃው ወደ ኩሬው እንዳይመለስ የሚይዝ ክዳን) ያለው ከሆነ ክዳኑን በጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ መለስ ማለቱን አረጋግጡ።
5. የፓምፑን ጫፍ መጨረሻ ላይ ግጠሙ።

## ደረጃ 4፦ ገመድ እሰሩ

ገመዱን አብዛኛው ሰው «ለምን?» ብሎ ይተወዋል። ምክንያቱን በቁጥር እነሆ። 110 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በ1 ሜትር 9.5 ሊትር ገደማ ውሃ ይይዛል። 8 ሜትር ቱቦ ሲሞላ ከ75 ኪሎ በላይ ውሃ ብቻ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ያ ሁሉ ክብደት በመጋጠሚያዎቹ ላይ ከተንጠለጠለ መጋጠሚያው ትንሽ ይከፈታል። አየር የሚገባውም በዚያች ትንሽ ነው።

- አንዱን ገመድ ከወንፊቱ ጀምራችሁ በየመጋጠሚያው አጠገብ እየጠመጠማችሁ አምጡ፣ ጫፉን መኪናው ላይ ወይም ዛፍ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ክብደቱን የሚሸከመው ይህ ነው።
- ሁለተኛውን ቀጭን ገመድ የፉት ቫልቩ ማንሻ ላይ እሰሩ። ይህ ላላ ብሎ ይቅር። ከተወጠረ ክዳኑን ከፍቶ ያቆየውና ቱቦው ውሃ አይዝም።

## ደረጃ 5፦ ውሃ ውስጥ አስገቡት

ሁሉም በአንድ ጊዜ ያንሱ፣ በአንድ ጊዜ ያውርዱ። ቱቦውን አትወርውሩ።

አሁን ከጎን ቆማችሁ የቱቦውን መስመር እዩ። ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ ወደ ላይ መውጣት አለበት። መሀል ላይ ጉብ ብሎ ከፓምፑ አፍ በላይ የሚወጣ ቦታ ካለ አየሩ እዚያ ይጠራቀማል። ፓምፑ ይነሳል፣ ለትንሽ ጊዜ ውሃ ይሰጣል፣ ከዚያ ያቋርጣል። በአጥር ወይም በድልድይ መከላከያ ላይ ቱቦ ስታሳልፉ ይህ ያጋጥማችኋል። ከሥር የምታሳልፉበት መንገድ ፈልጉ።

ውሃው ጥልቀት ከሌለው፦ ወንፊቱን ባልዲ ውስጥ አስገብታችሁ ባልዲውን አስምጡት፣ ጭቃ እንዳይስብ። ጅረት ከሆነ በአሸዋ ከረጢት ወይም በሸራ ገድቡት። መሰላል አስተኝታችሁ ወንፊቱን ላዩ ላይ ብታስሩትም ከጭቃው ይነሳል።

## ደረጃ 6፦ ሁሉንም ዝጉ፣ በእጃችሁ እየነካችሁ

እዚህ ጋ ቆም በሉ። አንድ ጊዜ በልምምድ ላይ 20 ደቂቃ ሙሉ ውሃ እንቢ አለን። ቱቦውን ሁለት ጊዜ ፈታን፣ ጋስኬት ቀየርን፣ ጥፋቱን በፕራይመሩ ላይ ጣልን። በመጨረሻ አንድ አዲስ ልጅ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ «ይቺ ምንድን ናት?» አለ። ከትንሽ ጣት የማትበልጥ ማፍሰሻ ነበረች። ጠዋት ፓምፑን ያፈሰስኩት እኔ ነበርኩ። ክፍት የተውኳትም እኔው።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ዝጉ፣ እያንዳንዱን በእጅ እየነካችሁ፦

1. የፓምፑ ማፍሰሻዎች፣ ከሥር ያለችውን ጨምሮ
2. ከታንክ ወደ ፓምፕ
3. ከፓምፕ ወደ ታንክ
4. መውጫዎች በሙሉ
5. የማትጠቀሙባቸው የመሳቢያ አፎች፣ በክዳን
6. የአረፋ መሳቢያ ካለ፣ እሱም

አንዱ እየዘጋ ሌላው ጮክ ብሎ ይጥራ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

## ደረጃ 7፦ አየሩን አውጡ

ፓምፑ እየዞረ ነው ወይስ ቆሞ አየሩ የሚወጣው? ይህ እንደ ፓምፑ ስሪት ይለያያል። የራሳችሁን መመሪያ አንብቡና ሞተሩ ስንት ዙር መሆን እንዳለበት በፓነሉ ላይ በማርከር ጻፉት።

1. ፕራይመሩን አስነሱ።
2. ዓይናችሁ ከቫኪዩም ጌጁ አይነሳ። በየ1 ሜትር ከፍታው 0.1 ባር ገደማ ይጨምራል። ከፍታችሁ 3 ሜትር ከሆነ መርፌው 0.3 አካባቢ ሲደርስ ውሃው ፓምፑ ጋ ደርሷል።
3. ቱቦውንም ተመልከቱ። ውሃው ሲመጣ ነቅነቅ ይልና ይከብዳል። የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል። ፕራይመሩ ከጀርባው አየር ሲተፋ ቆይቶ ውሃ ይተፋል።
4. የግፊት ጌጁ ተነስቶ ሲረጋ ፕራይመሩን አጥፉ። ከዚያ በፊት አታጥፉት። ገና ሲንጠባጠብ የሚያጠፉ ናቸው ውሃው የሚመለስባቸው።

ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይበቃል። በ1 ደቂቃ ካልመጣ አቁሙ። ያለ ውሃ የሚዞር ፓምፕ የዘንጉን ማሸጊያ ያቃጥላል፣ ፕራይመሩም ይግላል። ሁለት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ሦስተኛ አትሞክሩ፣ ከታች «እምቢ ሲል» በሚለው ክፍል መሠረት ችግሩን ፈልጉ።

## ደረጃ 8፦ ውሃውን ስጡ

ግፊቱን ወደ 3 ባር አድርሱ። ከዚያ አንድ መውጫ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ሩብ ያህል። ባዶው መርጫ ቱቦ በአንዴ ሲከፈት ውሃውን ሁሉ ይውጠዋል፣ ፓምፑም ባዶ ይቀራል። ቱቦው ሲሞላ ቀሪውን ክፈቱ፣ ነዳጁንም አብራችሁ ጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ። ከታንክ ውሃ እየሰጣችሁ ወደ ኩሬ የምትቀይሩ ከሆነ ውሃው ሊቋረጥ ይችላል። ቤት ውስጥ ኖዝል (የመርጫ ቱቦውን አፍ) የያዙ ሰዎች ካሉ አስቀድማችሁ በሬድዮ ንገሩ፣ ወደ ውጭ ይውጡ። የታንኩን ውሃም አሟጣችሁ አትጨርሱ። እኔ ሩቡን አልነካም። ለምን እንደሆነ ከታች ታያላችሁ።

ሥራው ሲረጋ የቫኪዩም ጌጁን ቁጥር ጻፉ። ነዳጅ ሳትነኩ ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ወንፊቱ በቅጠል እየተዘጋ ነው። መርፌው ፓምፑ ሳይቋረጥ ገና ይነግራችኋል።

ኖዝሎቹ ለጊዜው ከተዘጉ ፓምፑ ያንኑ ውሃ እያዞረ ያፈላዋል። አንድ ትንሽ መውጫ ወደ ኩሬው ክፍት ተዉ፣ ወይም ወደ ታንክ የሚመልሰውን ቫልቭ ትንሽ ክፈቱ። የፓምፑን አካል በእጅ ንኩ። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አርፍዳችኋል።

## እምቢ ሲል፦ ጌጁን አንብቡ

መርፌው አይነሳም ወይም ትንሽ ተነስቶ ይወርዳል። አየር እየገባ ነው። በየመጋጠሚያው አትሩጡ፣ ችግሩን ለሁለት ክፈሉት። ቱቦውን ከፓምፑ ፍቱ፣ የፓምፑን አፍ በክዳን ዝጉ፣ ፕራይመሩን አስነሱ። ቫኪዩሙ ከያዘ ጥፋቱ ቱቦው ላይ ነው። ካልያዘ ጥፋቱ ፓምፑ ላይ ነው፣ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

ቱቦው ከሆነ ፉት ቫልቭ ያለውን መስመር ከታንኩ በውሃ ሙሉት። ውሃ የሚንጠባጠብበት መጋጠሚያ አየር የሚስብበት ነው። ካልታየ ፕራይመሩን አስነስታችሁ በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ወደ ውስጥ የሚሰረግበት ቦታ እሱ ነው።

መርፌው በጣም ይነሳል፣ ውሃ ግን የለም። አየር አይደለም፣ መስመሩ ተዘግቷል። ወንፊቱን አውጡና እዩ፦ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ጭቃ፣ የተጣበቀ ፉት ቫልቭ። ንጹሕ ከሆነ ከፍታውን እንደገና ለኩ። እሱም ልክ ከሆነ ቱቦውን ጠርጥሩ። የአሮጌ ቱቦ የውስጥ ጎማ ከሽፋኑ ይላቀቅና ሲሳብ ተሰብስቦ መንገዱን ይዘጋል። ከውጭ አዲስ ይመስላል። በባትሪ ወደ ውስጡ አብሩና እዩ፣ ያበጠ ነገር ካለ ጣሉት።

ውሃ ይመጣና ይቋረጣል። ከወንፊቱ በላይ ያለውን የውሃ ፊት ተመልከቱ። ትንሽ አዙሪት ከተሠራ ከላይ አየር እየጠጣ ነው። ወንፊቱን አጥልቁ፤ ካልተቻለ ጣውላ ወይም ኳስ ከላዩ አንሳፉ፣ አዙሪቱ ይሰበራል። አዙሪት ከሌለ ጉብ ያለ የቱቦ ቦታ ፈልጉ።

ነዳጅ ስትጨምሩ ግፊት አይጨምርም፣ ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ይንኳኳል። ከሚገባው ውሃ በላይ እየጠየቃችሁ ነው። ነዳጁን መንኳኳቱ እስኪቆም ቀንሱ። ያ ነው የዚህ ቦታ ልክ። እየተንኳኳ የሠራ ፓምፕ ውስጡ በብል እንደተበላ እንጨት ይሆናል።

## ፕራይመሩ ከሞተ

ታንኩ ውስጥ ያስቀራችሁት ሩብ ለዚህ ነው። ወንፊቱ ፉት ቫልቭ ካለው የታንክ ወደ ፓምፕ ቫልቩን ክፈቱ። ውሃው በፓምፑ አልፎ መሳቢያ ቱቦውን ከሥር ጀምሮ ይሞላል፣ ፉት ቫልቩ እንዳይፈስ ይይዘዋል። አየሩ እንዲወጣ ከፓምፑ በላይ ያለ አንድ መውጫ ክፍት ይሁን። ውሃው በመውጫው ብቅ ሲል ዝጉት፣ ፓምፑን አስነሱ፣ ግፊት ሲይዝ የታንኩን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ዝጉ። ተንቀሳቃሽ ፓምፕ ላይ ታንክ ስለሌለ በባልዲ ትሞላላችሁ። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

## ደረጃ 9፦ ማቆምና ማጠብ

1. ነዳጁን ወደ ሚኒሞ አውርዱ፣ ከዚያ መውጫዎቹን ቀስ በቀስ ዝጉ። በድንገት የተዘጋ ቫልቭ ግፊቱን መልሶ ቱቦ ይቀድዳል።
2. ፓምፑን አቁሙ፣ ማፍሰሻዎቹን ክፈቱ።
3. ቀጭኑን ገመድ ሳቡ፣ የቱቦው ውሃ ወደ ኩሬው ይመለስ። ሳታፈሱ ለመጎተት አትሞክሩ፣ ወገብ ይቀጫል።
4. ጭቃማ ወይም ጨዋማ ውሃ ከሆነ ፓምፑን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ በየመውጫው እየከፈታችሁ።
5. ወንፊቱን በብሩሽ አጽዱ፣ ጋስኬቶቹን ጥረጉ፣ ቱቦውን ሳይታጠፍ አድርቁ።
6. ታንኩን ሙሉ፣ ነዳጅ ሙሉ።
7. ጣቢያ ስትደርሱ ደረጃ 1ን ድገሙ። ዛሬ የተገኘውን ቁጥርና ቀኑን ፓነሉ አጠገብ ባለው ደብተር ላይ ጻፉ፣ ማፍሰሻዎቹን ማን እንደዘጋም።